ከሴፍትሪያክሶን በኋላ የመጣ ማንዘፍዘፍ፦ አለርጂ ነው ወይስ ሌላ?

ጦሳ ሥር (የሕክምና ተማሪ፣ 4ኛ ዓመት፣ ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። የውስጥ ደዌ ክፍል ተመድበን እየተማርን ነው። ባለፈው ሳምንት ባየነው ታማሚ ላይ ከጓደኞቼ ጋር መስማማት አቅቶን ነገሩን ወደ እናንተ አመጣሁት። የታማሚውን ማንነት ሊያሳውቅ የሚችል ዝርዝር ሁሉ ቀይሬዋለሁ።

ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት ነው። የመጣው ከደጋው፣ ከለጋምቦ በኩል ነው። አራት ቀን የቆየ ብርቱ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ባትና ወገብ የሚሰብር ሕመም፣ ሁለት ጊዜ ነስር። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ጣፊያው ከጎድን አጥንቱ በታች ይዳሰሳል፣ ሲነካም ያመዋል። ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት በታየበት ጤና ተቋም ፈጣን የወባ ምርመራ ተደርጎለት «የለም» ተብሏል። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ተሠርቶ ደግሞ ኦ 1፡160 ወጣ። በዚያው «ታይፎይድ» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ።

እኛ ዘንድ ጠዋት የደም ቆጠራ ተሠራለት፤ ፕላትሌቱ (ደም የሚያረጉት ሕዋሳት) 41 ሺህ ብቻ ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንድ ግራም ሴፍትሪያክሶን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጠው። 10 ሰዓት ከሩብ ላይ አልጋው እስኪነቃነቅ ድረስ ተንዘፈዘፈ። ሙቀቱ ከ39 ወደ 41.2 ወጣ፣ የልብ ምቱ 140 ደረሰ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በላብ ተጠመቀ፣ የደም ግፊቱም 80/45 ሆነ። በፈሳሽና በክትትል አደረ፤ ጠዋት ላይ ትኩሳቱ ጠፍቶ ቁርስ ጠየቀ። ካርዱ ላይ ግን «ለሴፍትሪያክሶን አለርጂ አለበት» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ይህ በእርግጥ አለርጂ ነው?

ሐይቅ ዳር (የሕክምና ተማሪ)

ይህማ አናፊላክሲስ (ሕይወት የሚያሰጋ ብርቱ አለርጂ) ነው፣ ምን ያከራክራል? መድኃኒት ገባ፣ ግፊት ወረደ። አድሬናሊን 0.5 ሚሊ ግራም በጡንቻ ተሰጠው ወይ? ካልተሰጠው በሕይወት ማደሩ ራሱ ይገርማል።

ቦርከና (የውስጥ ደዌ ሬዚደንት)

ሐይቅ ዳር፣ ረጋ በል። በደም ሥር የገባ መድኃኒት አናፊላክሲስ የሚያስነሣ ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አይጠብቅም። የቆዳ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ የደረት ማፏጨት አንዱም አልተጠቀሰም። አናፊላክሲስ ሙቀትን ሁለት ዲግሪ ሽቅብ ሲሰድም አላየሁም። አድሬናሊን አለመሰጠቱና ልጁ ጠዋት ቁርስ መጠየቁ ራሱ መልስ ነው። ቅደም ተከተሉን እንደገና አንብበው፦ መጀመሪያ ብርድና መንዘፍዘፍ፣ ቀጥሎ የሙቀት መናር፣ ከዚያ ላብና የግፊት መውረድ። ይህ ራሱን የቻለ ስም ያለው ነገር ነው፤ ከመናገሬ በፊት ግን ጦሳ ሥርን ልጠይቃት።

ልጁ የት ነው የሚያድረው? ከስንት ሰው ጋር? የልብሱን ስፌት ገልብጦ ያየ አለ? ባለፈው ወር ቆላ ወርዷል ወይ፤ ባቲ፣ ቆቦ፣ ወይስ ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ? አብሮት ከሚያድር ሰው የታመመ አለ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ከመርፌው በፊት ደሙ በማይክሮስኮፕ ታይቷል?

ጦሳ ሥር

ዶክተር፣ አመሰግናለሁ። ደረሳ ነው። ከሌሎች ደረሶች ጋር በአንድ ቤት፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ ያድራሉ፤ ብርዱ ስለሚጠና ጋቢና ብርድ ልብስ ይጋራሉ። ቆላ አልወረደም። አንድ ጓደኛው ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት በትኩሳት ወድቆ፣ በአምስተኛው ቀን ላብ አጥምቆት ተነሣ፤ ዳነ ሲባል ከሳምንት በኋላ እንደገና ተኛ። ልብሱን በተመለከተ፣ የተቀበለችው ነርስ ገና ሲገባ አስወልቃ በፕላስቲክ አስራዋለች። የደም ፊልም (ደም በስላይድ ላይ ተዘርግቶ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት) ከመርፌው በፊት አልታየም። ማታ 1 ሰዓት ላይ ተሠርቶ «ምንም አልታየም» ተባለ።

ቦርከና

እንግዲያው ግርሻ ነው፤ በቅማል የሚተላለፈው፣ ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመጣው ተመላላሽ ትኩሳት። ያንዘፈዘፈውም የያሪሽ ሄርክስሃይመር ምላሽ ነው። ሴፍትሪያክሶን ለታይፎይድ ታስቦ ተሰጠ፤ ነገር ግን ቦሬሊያንም ይገድላል። ባክቴሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ሲሞቱ በላያቸው ያሉት ሊፖፕሮቲኖች ደም ውስጥ ይፈስሳሉ፤ የመከላከያ ሕዋሳትም ቲ.ኤን.ኤፍ.ን፣ ኢንተርሊውኪን 6ንና 8ን የመሳሰሉ ትኩሳትና ብግነት የሚያስነሡ ኬሚካሎችን በብዛት ይለቅቃሉ። መድኃኒቱ ሥራውን ሠራ እንጂ አልበደለም። ያ በቀይ የተጻፈው ካልተሰረዘ ግን ይህ ልጅ ነገ ማጅራት ገትር ቢይዘው የሚያድነውን መድኃኒት ይነፈጋል።

የጓደኛው ታሪክ ደግሞ ለመማሪያ የተጻፈ ይመስላል። ትኩሳቱ አምስት ስድስት ቀን ቆይቶ በድንገት ይለቅቃል፣ ሳምንት ገደማ ፋታ ይሰጣል፣ ይመለሳል። ምክንያቱ ባክቴሪያው የውጭ ፕሮቲኑን መቀያየሩ ነው። ሰውነት ለመጀመሪያው ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ሠርቶ ደሙን ሲያጸዳ፣ ፕሮቲናቸውን የቀየሩ ጥቂቶች ይተርፋሉ፤ ተራብተው ሁለተኛውን ዙር ያመጣሉ።

የማታው ፊልም ባዶ መሆኑ አያስደንቀኝም። ምላሹ ሲያልፍ ደሙ ይጸዳል። እኔን የሚያሳስበኝ የጠዋቱ ደም የት እንደደረሰ ነው።

ዘይትና ሌንስ (የላቦራቶሪ ባለሙያ)

ልጆች፣ የጠዋቱ ደም የትም አልሄደም። ማሽኑ ፕላትሌት 41 ሺህ ብሎ ሲያወጣ ደንበኛ ላቦራቶሪ ቁጥሩን ብቻ አምኖ ወረቀት አያወጣም፤ ፕላትሌቶቹ ተጣብቀው እንደሆነ ለማየት ስስ ፊልም ዘርግቶ በራይት ቀለም ይቀባል። ያ ስላይድ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ያየው ሰው ፕላትሌት ሲቆጥር ሌላ ነገር አልፈለገ ይሆናል። ራይት ቀለም ግን ቦሬሊያን አይደብቅም። ነገ ጠዋት ሂዱና ስላይዱን በትሕትና ጠይቁ። «ተሳስታችኋል» እያላችሁ ከገባችሁ ሣጥኑ ጠፍቷል ነው የምትባሉት፤ እኔም ብሆን እንዲሁ እል ነበር።

ስታዩ ችኮላ አያስፈልግም። ዘይት ጠብ አድርጋችሁ በመቶው ሌንስ በቀይ ሕዋሳቱ መካከል ፈልጉ፤ ሕዋሱ ውስጥ አይደለም፣ እሱ ወባ ነው። ቀይ ሕዋስ 7 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ መለኪያ ይሆናችኋል፤ ቦሬሊያ ከሁለት እስከ አራት ሕዋስ የሚያህል ርዝመት አለው። ከሹራብ ላይ ተተርትሮ የወጣ ክር ሞገዱን እንደያዘ ሲቀር አይታችሁ እንደሆነ፣ ልክ እንደዚያ ነው። ሞገዱ ልል ነው፣ ጫፎቹ ይሾላሉ። የፋይብሪን ክር፣ የስላይድ ጭረትና የቀለም ዝቃጭ ያታልላሉ፤ እነዚያ ግን ውፍረታቸው እኩል አይደለም፣ ሞገዳቸውም የተስተካከለ አይደለም።

ስስ ፊልም ላይ ባታገኙት አትደነቁ። ግርሻ በደንብ የሚገኘው ብዙ ደም በትንሽ ቦታ በሚታይበት በወፍራም ፊልም ነው። ወፍራሙን በሜታኖል አታጽኑት፣ ሕዋሱ መፍረስ አለበት። ጊምሳ የሚባለው ቀለም የሚበጠበጥበት ውኃ ፒኤች 7.2 ይሁን። ደሙ ደግሞ ታማሚው በሚነድበት ሰዓት ይወሰድ፤ ትኩሳቱ በለቀቀበት ቀን የተወሰደ ደም ባዶ ሆኖ ይወጣና «የለም» ተብሎ ይጻፋል።

ሆዴን የሚበላውን አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ ለወባ ሲባል ወፍራም ፊልም ይሠራለት ነበር። ወባ ፈልገን ግርሻ እናገኝ ነበር። አሁን ፈጣን መመርመሪያው መጣ። መልካም ነገር ነው፣ ሩቅ ጤና ኬላ ድረስ ደርሷል። ነገር ግን የሚፈልገው የወባን ፕሮቲኖች ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር ቢሞላበት አይነግራችሁም። ደጋ ላይ ያለ፣ ቆላ ያልወረደ ሰው በፈጣን ምርመራ «የለም» ሲባል ፍለጋው ገና መጀመሩ ነው፤ በብዙ ቦታ ግን በዚያው ያበቃል።

መርሳ

እኔ የማስበው የመውጫ ፈተናዬን ነው። ባጭሩ ምን ልያዝ?

ቦርከና

መርሳ፣ ለፈተናው፦ በልብስ ቅማል፤ ከሰው በቀር ሌላ ማደሪያ የለውም፤ ወፍራም ፊልም በትኩሳት ሰዓት፤ አንድ መጠን መድኃኒት፤ የያሪሽ ሄርክስሃይመር ምላሽ ከመድኃኒቱ በኋላ ከ1 እስከ 4 ሰዓት። ለታማሚው ግን ከዚህ በታች የሚጻፈውንም አንብብ።

የማታ ተረኛ (ነርስ)

ልብሱን በፕላስቲክ ያሰረችውን እህቴን እጇን ይባርክልኝ።

ዶክተሮቹ ስለ ባክቴሪያው ጽፋችኋል። እኔ ከመርፌው በኋላ ስላሉት ሰዓታት ልጻፍ፤ ግርሻ የተያዘ ሰው መድኃኒት ሳያገኝ ሊሞት እንደሚችል ሁሉ፣ መድኃኒቱን ባገኘበት ማታም ሊሞት ይችላል። ካልታከሙት ከ10 እስከ 40 በመቶ ይገድላል ይባላል፤ ሲታከም ከ2 እስከ 5 በመቶ ወደሚሆን ይወርዳል። ከእነዚያ ጥቂቶች ብዙዎቹን የምናጣው በመጀመሪያው ቀን ነው።

መድኃኒቱን በማታ ፈረቃ መለወጫ ላይ አትስጡ፤ ሐኪሙ ሊወጣ፣ ነርሷ ልትገባ ሲሉ ማለቴ ነው። ከመስጠታችሁ በፊት የደም ሥር መስመር ይከፈት፣ መነሻ ሙቀት፣ ምትና ግፊት ይመዝገብ። ለታማሚውና ለአስታማሚው አስቀድማችሁ ተናገሩ፦ «ከአንድ ከሁለት ሰዓት በኋላ በጣም ትንቀጠቀጣለህ፣ መድኃኒቱ ሲሠራ ነው፣ አትፍራ።» ይህ ካልተነገረ አስታማሚው መርፌው ገደለብኝ ብሎ ታማሚውን አንሥቶ ይሄዳል። አንዳንዴም ጸበል ወይም ሼህ ዘንድ ይወስዱታል፤ አልፈርድባቸውም፣ ዓይናቸው ያየው መርፌውንና መንቀጥቀጡን ነው።

ሲንዘፈዘፍ ሙቀቱ ገና እየወጣ ነው፤ በዚያ ሰዓት ግፊቱ ከፍ ሊል ስለሚችል ተዘናግታችሁ አትሂዱ። አደገኛው ቀጥሎ ያለው ነው። ላቡ ሲመጣ ቆዳው ይሞቃል፣ የደም ሥሮቹ ይከፈታሉ፣ ግፊቱ ይወርዳል። በየሩብ ሰዓቱ ለኩ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል፣ ለብ ባለ ውኃ ማበስ። አስፕሪን አይሰጥ፤ ነስር ያለበት፣ ፕላትሌቱ ያለቀ ሰው ነው። ፈሳሽ ስጡ፣ ነገር ግን እያያችሁ፤ ይህ በሽታ የልብን ጡንቻ ይነካል፣ ከልክ ያለፈ ፈሳሽ ሳንባን ያጥለቀልቃል። የአንገት ደም ሥሩን እዩ፣ ሳንባውን አድምጡ።

ከሁሉም የምለምናችሁ ደግሞ ታማሚው 24 ሰዓት ከአልጋው እንዳይነሣ ነው። ሻል ሲለው ሽንት ቤት እሄዳለሁ ይላል። ሲቆም ግፊቱ ወርዶ መንገድ ላይ ይወድቃል። የሽንት ዕቃ አቅርቡለት፤ ቢያፍርም በጋቢ ከልሉት።

ጦሳ ሥር

አገኘነው! ጋሽ ዘይትና ሌንስ እንዳሉት የጠዋቱ ስስ ፊልም ሣጥን ውስጥ ነበር። በአሥር እይታ ውስጥ ሦስት አየን፤ አንዱን የላቦራቶሪው ኃላፊ ራሱ አመለከተን። ካርዱ ላይ የተጻፈው አለርጂ ተሰርዞ «ግርሻ፣ ከምላሽ ጋር» ተብሏል።

ሲስተር፣ የጻፉትን ለመላው ቡድናችን አነበብኩት።

ሐይቅ ዳር

እሺ፣ ተሸንፌአለሁ። ግን ምላሹ የሚመጣ ከሆነ አስቀድሞ ሃይድሮኮርቲሶን ብንሰጥስ? ይከለክለው የለም?

ቦርከና

ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው የሞከረው ነገር ነው። በቅማል በሚተላለፈው ግርሻ ስቴሮይድ ምላሹን አያስቀረውም። የረዳው ሌላ ነገር ነው፤ የተሞከረውም እዚሁ አገራችን ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ከአዲስ አበባ የወጣ ጥናት አለ። ከበግ የተዘጋጀ፣ ቲ.ኤን.ኤፍ.ን የሚያስር ፀረ እንግዳ አካል ከፔኒሲሊን በፊት ለ20 ታማሚዎች ተሰጠ፤ ምላሹ በ10ሩ ላይ ብቻ ታየ። ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች ግን 26ቱ ላይ መጣ። የዚህ ሁሉ ሞተር ቲ.ኤን.ኤፍ. መሆኑ በሰው ላይ በግልጽ ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ ነው፤ የተገኘውም ይህ በሽታ ካለበት አገር ነው። ለአልጋችን ግን አልደረሰም፤ ዋጋውን አስበው። ስለዚህ የተረፈን የሲስተር ምክር ነው፦ ክትትል።

ወረኢሉ (ጤና መኮንን)

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከከተማ ሆናችሁ ስትጽፉ ደስ ይላል። እኔ ካለሁበት ላናግራችሁ።

በመጀመሪያ ስለ መድኃኒቱ። ቦርከና «አንድ መጠን» ብሎ አለፈ። የትኛው? በአገራችን የለመድነው አነስተኛ ፕሮኬይን ፔኒሲሊን፣ 400 ሺህ ዩኒት በጡንቻ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በማግስቱ ቴትራሳይክሊን ማስከተል ነው። ምክንያቱም ፔኒሲሊን በዝግታ ስለሚገድል ምላሹ ይለዝባል። ከመነሻው ዶክሲሳይክሊን 200 ሚሊ ግራም ማለት ለመጽሐፍ ቀላል ነው፤ ሌሊት አንድ ነርስ ለሠላሳ አልጋ ባለችበት ቦታ ግን ብርቱ ምላሽ መጥራት ነው።

ሁለተኛው ዊዳል ነው። ሁላችሁም ትስቁበታላችሁ። መብራት በሄደበት ቀን ማይክሮስኮፕ ምን ያደርግልኛል? የደም ካልቸር በወሬ ነው የማውቀው። ታማሚው ራሱ «ታይፎይድና ታይፈስ መርምሩኝ» ብሎ ነው የሚገባው። ካልመረመርኩት ገበያ አጠገብ ካለ ክሊኒክ ገብቶ ይመረመራል፣ «ሁለቱም አለብህ» ተብሎ ይመጣል።

ቦርከና

ጋሼ፣ ስለ ፔኒሲሊኑ ያሉት ሚዛን ይደፋል፤ ግን ሌላም ጎን አለው። አነስተኛ ፔኒሲሊን ደሙን ለማጽዳት ይዘገያል፣ ብቻውን ከተሰጠ ደግሞ በሽታው ተመልሶ የሚነሣባቸው ይበዛሉ፤ ቴትራሳይክሊኑን ማስከተል ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ታማሚው በማግስቱ ድኛለሁ ብሎ ከሄደ፣ ሁለተኛውን መድኃኒት ሳይወስድ ወደዚያው ቤት ገባ ማለት ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመው የ377 ታማሚዎች የኢትዮጵያ ዘገባ የአንድ ጊዜ የአፍ መድኃኒት፣ ቴትራሳይክሊን ወይም ኤሪትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም፣ እንደሚፈውስ ያሳየ ነው። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ ያው ቅማል የሚያመጣውን ታይፈስንም አብሮ ያክማል። ሁለቱን መለየት በማይቻልበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለነፍሰ ጡር ግን ኤሪትሮማይሲን ወይም ፔኒሲሊን፤ ግርሻ በእርግዝና ላይ ፅንስ ያስወርዳል፣ ማዘግየት አይገባም። ፕላትሌቱ 41 ሺህ የሆነን ሰው በጡንቻ መውጋትም አይመቸኝም።

ስለዚህ መልሴ እንዲህ ነው፦ መዋጥ የሚችልና ሌሊቱን የሚያየው ሰው ያለው ከሆነ ዶክሲሳይክሊን። ጠባቂ ከሌለው የእርስዎን መንገድ አልቃወምም።

ወረኢሉ

ተስማምተናል ማለት ነው፤ አንተ ጠባቂ አለህ፣ እኔ የለኝም።

ዘይትና ሌንስ

ዊዳልን ለእኔ ተዉልኝ፤ ዕድሜ ልኬን ያቀላቀልኩት እኔ ነኝ።

ዊዳል የሚያየው ባክቴሪያውን አይደለም፣ በደም ውስጥ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሳልሞኔላ በሚዘወተርበት አገር ጤነኛ ሰውም ካለፈ ሕመም የቀረ ይኖረዋል። ሌላ ትኩሳት ሲነሣ፣ ወባም ይሁን ግርሻ፣ ያ ድሮ የነበረው ከፍ ሊል ይችላል። ዋጋ የሚኖረው በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተወስዶ አራት እጥፍ ሲጨምር ነው። በስላይድ ላይ አንድ ጊዜ ተነቅንቆ «1፡160» ተብሎ የሚጻፈው ግን ለታማሚው ትኩሳት አለብህ ብሎ ከመንገር ብዙም አይዘልልም። የታይፈስ ምርመራው ዌል ፌሊክስም የዚያው ወንድም ነው፤ የፕሮቲየስ ባክቴሪያ ተጠቅሞ ታይፈስ አምጪውን ሪኬትሲያን መገመት። «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንዱም የለበትም።

ደግሞ ልጁን እዩት። ታይፎይድ በአራተኛ ቀን ዓይን አያወይብም፣ ነስር አያበዛም፣ ፕላትሌትን እንዲህ አይጥልም። ቀስ ብሎ የሚወጣ ትኩሳት ነው፤ የልብ ምትም ከሙቀቱ ጋር ሲነጻጸር ዝግ ይላል። አልጋው አጠገብ የቆመ ሰው ይህን ሁሉ ያያል፤ ወረቀቱን ብቻ ያነበበ አያይም።

ወረኢሉ፣ ስለ መብራቱ እውነትዎን ነው። ግን መስተዋት ያለው አሮጌ ማይክሮስኮፕ ካለዎት አይጣሉት። በፀሐይ ብርሃን ይሠራል። ጊምሳ ከዊዳል ሬጀንት ይረክሳል፣ ማቀዝቀዣም አይፈልግም።

ወረኢሉ

መጋዘን ውስጥ አንድ አለ። መስተዋቱ ተሰንጥቋል እንጂ ሌንሱ ደህና ነው። አወጣዋለሁ።

የድሮ ድሬሰር

ልጆቼ፣ በጡረታ ላይ ነኝ፤ ይህን መድረክ የልጄ ልጅ ነው የሚከፍትልኝ። በ1977 በኮረም መጠለያ ነበርኩ፣ ያን ጊዜ ኮረም በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። ረኀቡ ሰውን ሲሰበስበው ቅማሉም አብሮ ተሰበሰበ። ግርሻና ተስቦ (ታይፈስ) ከኩፍኝና ከተቅማጥ ጋር ተደርበው መጡ። ሌሊት ብርድ ስለሆነ ሰው ተቃቅፎ ነው የሚያድረው፤ የሞተው ሲቀዘቅዝ ቅማሉ ወደ ሞቀው ይሻገራል። ልብስ በበርሜል እንቀቅል ነበር። እናንተ ዛሬ የምትጽፉትን መርፌ ወግተን ሲንቀጠቀጥ ያየነውን ነገር ስሙን እንኳ አናውቀውም ነበር፤ «መርፌው ያዘው» ነው የምንለው።

ጦሳ ሥር

አባታችን፣ ዕድሜዎን ያርዝመው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለዚያ ዘመን ሰፋ አድርገው ቢጽፉልን ደስ ይለናል።

ንጹሕ ውኃ (የአካባቢ ጤና ባለሙያ)

ስለ ታማሚው ተነጋግራችሁ ጨረሳችሁ፤ ስለ ቤቱ ያነሣ የለም። ልጁ ድኖ ወደዚያው ምንጣፍ ከተመለሰ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

በሽታውን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። ሰውነት ላይ አይኖርም፤ የሚኖረው ስፌት ውስጥ ነው፣ ቅጫሙንም እዚያው ይጥላል፣ ለመመገብ ብቻ ወደ ቆዳ ይወጣል። ስለዚህ ሰውዬውን አጥባችሁ ያንኑ ልብስ ካለበሳችሁት ምንም አልሠራችሁም። ሲነክስም አይደለም የሚያስተላልፈው። ቦሬሊያ ያለው በቅማሉ አካል ውስጥ ባለው ፈሳሽ ነው፤ ቅማሉ ሲደፈጠጥ ይወጣል፣ በተቧጨረ ቆዳ ወይም በዓይንና በአፍ ይገባል። በጥፍር መካከል ጨፍልቆ መግደል፣ ከዚያም ብሶ በጥርስ፣ በሽታውን በእጅ መቀበል ነው። የታይፈሱ ሪኬትሲያ ግን በቅማሉ ዓይነ ምድር ነው የሚወጣው፤ ደርቆ ልብስ ላይ ለወራት ይቆያል፣ ሲራገፍም በትንፋሽ ይገባል። ልብሱን የምታራግፉ ነርሶች ተጠንቀቁ።

በተግባር፦ ልብስና ብርድ ልብስ መቀቀል። ለመቀቀል ማገዶ ካነሰ ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ ይበቃል፤ ቅማሉንም ቅጫሙንም ይገድላል። የማይቀቀል ነገር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ፤ ቅማል ያለ ደም ከሳምንት ብዙም አያልፍም፣ ቅጫሙም ተፈልፍሎ የሚበላው ሲያጣ ይሞታል። ፐርሜትሪን ዱቄት ከተገኘ ለብዙ ሰው ፈጣኑ እሱ ነው።

እንዴት እንደሚነገር ግን ከዱቄቱ ይከብዳል። ቅማል ነውር ነው። «ቅማል አለባችሁ» ተብሎ የተገባበት ቤት በሩን ይዘጋል። የቆሎ ተማሪ ጎጆም ይሁን የደረሳ ቤት፣ የቀን ሠራተኛ ማደሪያም ይሁን ማረሚያ ቤት፣ ነገሩ አንድ ነው፦ ብዙ ሰው፣ ጥቂት ልብስ፣ ብርድ፣ የውኃ እጥረት። ለግሸን መስከረም 21፣ ለላሊበላ ገና ሕዝቡ ተቃቅፎ ሲያድርም እንዲሁ ነው። እኔ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ሼሁ ወይም ወደ የኔታ ነው። እሳቸው «ንጽሕና ከሃይማኖት ነው» ብለው ካዘዙ በርሜሉ በዚያው ቀን እሳት ላይ ይጣዳል።

ጦሳ ሥር

የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ነገ ወደ ደረሶቹ ቤት ሊወጣ ነው፣ እኛም ሁለት ተማሪዎች አብረን እንድንሄድ ተፈቅዶልናል። ትኩሳት የሌለባቸውን ምን እናድርግ? ለሁሉም ዶክሲሳይክሊን ይሰጥ ወይስ የታመመ ብቻ ይታከም?

ቦርከና

አብረውት የሚያድሩትን ሁሉ ሙቀት ለኩ፣ ትኩሳት ላለበት ወፍራም ፊልም እዚያው ዘርጉ። የመጀመሪያውን ጓደኛም አትርሱት፤ ዛሬ ደህና ቢመስል በፋታው ላይ ሊሆን ይችላል፣ ፊልሙም ባዶ ሊወጣ ይችላል፣ ስለዚህ በታሪኩ ብቻ ይታከም። ለተቀሩት አንድ መጠን ዶክሲሳይክሊን መስጠት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቅማሉ ካልጠፋ ጥቅሙ የቀናት ነው። መጀመሪያ ልብስ ይቀቀል፣ መድኃኒቱ በዚያው ቀን።

የማታ ተረኛ

መድኃኒቱን ሰጥታችሁ ወዲያው መኪና ውስጥ እንዳትገቡ። በሽታው ገና ያልታየባቸው ግን ደማቸው ውስጥ ያለባቸው ይኖራሉ፤ ከመካከላቸው ምላሽ የሚመጣበት አይጠፋም። ጠዋት ስጡ፣ ቢያንስ እስከ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቆዩ። ግፊት መለኪያ፣ ካኑላና ሳላይን ያዙ። ቁርስ ሳይበሉ አትስጡ፣ ዶክሲሳይክሊን ባዶ ሆድ ላይ ያስመልሳል። በብዙ ውኃ ይዋጡት፣ ወዲያው አይተኙ።

ዘይትና ሌንስ

ስላይዶቹን በሣጥን፣ ከዝንብ ርቀው ይድረቁ። ዝንብ ወፍራሙን ፊልም ይበላዋል። ጊምሳውን እዚያ አትበጥብጡ፣ ለነገ ማታ ቦታ አዘጋጅቼ እጠብቃችኋለሁ። ወረኢሉም መንገድ ካላቸው የተሰነጠቀውን መስተዋት ይዘውት ይምጡ፤ የሚመጥን አለኝ።